ቅጠሉ ሲያጣብቅ ገልብጣችሁ እዩ

(በማኅበራችን የወር ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



የዛሬው ንግግሬ ስለ መዋጮ አይደለም፤ አትደንግጡ። ስለ ቆሻሻ መኪናም አይደለም። ስለ አበባ ነው። መሳቅ ይቻላል፤ ኮሚቴው «ስለ አበባ ተናገሪ» ብሎ ሲመድበኝ እኔም ስቄያለሁ። ነገር ግን ጉዳዩ የሚያስቅ ብቻ ሆኖ አልተገኘም። ባለፉት ሁለት ወራት በሚያጣብቅ ቅጠል ምክንያት ሁለት ነገር ደርሶብናል። አንደኛ፣ ለዓመታት ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች ተኮራርፈዋል። ሁለተኛ፣ ለዚሁ ቅጠል ተብሎ ስም የሌለው መርዝ በለስላሳ ጠርሙስ እየተቀዳ ወደ ቤታችን እየገባ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት ማለቴ ነው። ስለዚህ ተናገሪ መባሌን ተቀብያለሁ።

እኔ የግብርና ባለሙያ አይደለሁም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የምነግራችሁ በበረንዳዬ ላይ በደረደርኳቸው አሥራ አራት ጣሳዎች ያየሁትን፣ ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ የተረዳሁትንና አንብቤ ያገኘሁትን ነው።

እኛ የአዳማ ሰዎች ወፍራም ቅጠል ያለውን፣ ውሃ በሆዱ የሚያጠራቅመውን ተክል የምንወደው አለምክንያት አይደለም። ፀሐዩ አለ፣ ነፋሱ አለ፣ አቧራው አለ፣ ውሃውም አንዳንድ ቀን ይጠፋል። እሬት፣ እንዳሁላ፣ ቁልቋል፣ ያቺ ቅጠሏ እንደ ሳንቲም ክብና ወፍራም የሆነችው የጣሳ አበባ፣ ሁሉም ሁለት ሳምንት ውሃ ቢያጡ አይቀየሙም። እሬቱን በኦሮምኛ ሀርጊሳ እንለዋለን። የከተማችንም ስም «አዳሚ» ከሚባለው ከቁልቋሉ ዛፍ የመጣ ነው ይባላል። እንግዲህ ስለነዚህ ተክሎች መነጋገር ለአዳማ ሰው የቅንጦት ወሬ አይደለም።

የራሴ ጥፋት

ሌላውን ከመምከሬ በፊት የራሴን ጥፋት ላስቀድም።

የዛሬ ስድስት ዓመት በመስኮቴ ሥር የነበረችው ባለክብ ቅጠሏ አበባ ማጣበቅ ጀመረች። ጣቴን ሳሳርፍባት እንደ ስኳር ውሃ ትይዛለች። ከሥሯ ያለው የመስኮት ደፍ ያብረቀርቃል። ቁጫጩ ተሰልፎ ይወጣል፣ ይወርዳል። ውሎ አድሮ ቅጠሏ ጥላሸት የተቀባ መሰለ። እኔ መጀመሪያ «ሻይ የደፋባት ማነው?» ብዬ ልጆቼን ተቆጣሁ። ልጆቹ ማሉ፣ ተገዘቱ። ቀጥሎ «ጠምቷት ነው» ብዬ ውሃ አበዛሁባት፤ ሥሯ መበስበስ ጀመረ። በመጨረሻ አንድ ሰው «ለቲማቲም የሚረጨው ይጨርስልሻል» አለኝ። ገበያ ሄጄ በለስላሳ ጠርሙስ ግማሽ ተቀድቶልኝ መጣሁ። ስም የለው፣ መጠን የለው፣ ማስጠንቀቂያ የለው። ጠርሙሱን ጓዳ ውስጥ ከዘይቱ ጎን አስቀመጥኩት።

ትንሹ ልጄ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። ለስላሳ መስሎት ከፈተው። እግዜር ይመስገን፣ ሽታው አስጠልቶት ወዲያው ተፋው፤ ልብሱ ላይ ግን ፈሰሰበት። ብዙም ሳይቆይ ምራቁ ይዝረበረብ ጀመር፣ ላብ አጠመቀው። በባጃጅ ይዤው ወደ ሐኪም ቤት በረርኩ። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «የጠጣው ምን የሚባል ነው?» ብላ ነው። ምን ልበል? «ለቲማቲም የሚረጭ» አልኩ። «ለቲማቲም የሚረጨው እኮ ብዙ ዓይነት ነው» አለችኝ። ጠርሙሱንም ይዤ አልሄድኩም፤ ብይዘውም የሚነበብ ነገር አልነበረበትም። ልብሱን አውልቀው ገላውን በሳሙና አጠቡት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲከታተሉት አደሩ። ዳነ። ዛሬ አሥር ዓመቱ ነው፤ በኳስ ጣሳዎቼን የሚሰብርብኝ እሱ ነው። ያቺን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

አበባዋስ? አበባዋ የዳነችው በሳሙናና በጨርቅ ነው። አንድ ወር ፈጀባት እንጂ ድናለች። ልጄን ለሞት አሳልፌ ልሰጥ የነበረው ጨርቅ ለሚበቃው ነገር ነው። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

የሚያጣብቀው ነገር ምንድን ነው?

ቅጠሉ ያላበው አይደለም። የተክሉ በሽታም አይደለም። መተትም አይደለም፣ የሰው ዓይንም አይደለም። የትናንሽ ነፍሳት ኩስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ነፍሳት እንደ መርፌ የቀጠነ አፍ አላቸው። የተክሉ ምግብ የሚመላለስበት ቧንቧ ውስጥ ሰክተው ይመጠምጣሉ። በዚያ ቧንቧ የሚሄደው ፈሳሽ ስኳሩ ብዙ ነው፤ ሰውነት የሚገነባው ምግብ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ነፍሳቷ የምትፈልጋትን ጥቂት ነገር ለማግኘት ብዙ መጠጣት አለባት። የተረፋትን ስኳር ውሃ በኋላዋ ታወጣዋለች። ጠላ ጠማቂ ጠላውን አጥልላ አተላውን እንደምትደፋው ቁጠሩት። ቅጠላችን ላይ የሚያርፈው ያ አተላ ነው።

ቁጫጩ የሚመጣው ለዚህ ጣፋጭ ነው። ቁጫጩ ተክሉን አይበላም፤ ነገር ግን ከብት እንደሚጠብቅ እረኛ ነፍሳቱን ይጠብቃል፣ የሚበሏቸውን ጠላቶቻቸውን ያባርርላቸዋል። ጥቁሩ ጥላሸት ደግሞ በስኳሩ ላይ የሚበቅል ሻጋታ ነው። ቅጠሉ ውስጥ አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። ካልተጠረገ ግን ብርሃን ይከለክላል፣ ተክሉም ይደክማል።

ፈሳሹ ራሱ መርዝ አይደለም። በቱርክና በግሪክ አገር ንቦች ይህንኑ ፈሳሽ ከጥድ ዛፍ ላይ ለቅመው ማር ያደርጉታል፤ የጥድ ማር ተብሎ ገበያ ላይ ይሸጣል። ልጅ ቅጠሉን ቢነካ አትደንግጡ፤ እጁን አስታጥቡት። የሚያስደነግጠው ለመድኃኒት ብለን የምናመጣው ነው።

ማን ነው የሚያደርገው?

አንደኛ፣ ዱቄት ለባሿ። ባለሙያዎቹ ሚሊባግ ይሏታል። ጥጥ ብናኝ ወይም ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። ቅጠሉ ከግንዱ በሚጋጠምበት ጉያ ውስጥ ትደበቃለች። በእኛ ሰፈር በእንዳሁላና በባለክብ ቅጠሏ ላይ በብዛት ያገኘናት እሷን ነው። አንዷ እንስት ጥጥ በመሰለ ከረጢት ውስጥ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች።

ሁለተኛ፣ ቅርፊት ለባሿ፣ ስኬል የምትባለው። ቡናማ ምስር ቅጠሉ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ብዙ ሰው የተክሉ ጠባሳ ነው ብሎ ያልፋታል። በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት፤ ተነቅሎ ከመጣና ሥሩ ቅጠሉ ደህና ከሆነ ጠባሳ አይደለም። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ቅርፊቱ ጠንካራ የሆነው ዓይነት አያጣብቅም። በእሬት ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከዚህ ወገን ነው። አያጣብቅም ማለት ነፍሳት የለም ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ክሽክሽ። ገበሬው በአተርና በጎመን ላይ የሚያውቀው ነው። በእኛ ጣሳ ላይ ለጋውን ጫፍና የእሬቱን የአበባ ዘንግ ይወዳል።

አራተኛ፣ ነጭ ዝንብ። ቅጠሉን ስትነኩት ብር ብሎ ይነሳል። ወፍራም ቅጠል ብዙም አይመቸውም፤ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ቲማቲምና ጥጥ ላይ ይበዛል። ጥጥ ላይ የወረደ እንደሆነ ጥጡን አጣብቆ በፋብሪካ የመፍተያውን ማሽን ሳይቀር ያስቸግራል። የጣሳ ተክል የማይመቸው ከሆነ ለምን እንዳነሳሁት አሁን ትረዱታላችሁ።

እንዴት እንለየዋለን?

ሀ/ ገልብጡ። የሚያጣብቀው የቅጠሉ ላይኛው ፊት ነው፤ ነፍሳቱ ያለው ግን ከሥር ነው፤ ከእሱ በላይ ያለው ቅጠል ሥር ማለቴ ነው። ፈሳሽ ወደ ታች ነው የሚንጠባጠበው። ስለዚህ የሚያጣብቀውን ቅጠል ብቻ አትመርምሩ፤ ከበላዩ ያለውን ገልብጡ።

ለ/ ቁጫጩን ተከተሉ። ቁጫጩ ከእናንተ ይበልጥ ያውቃል። ሰልፉ የቆመበት ቦታ ነፍሳቱ አለ። ሰልፉ አፈር ውስጥ ከገባ ደግሞ ሥሩን ጠርጥሩ። ሥር ላይ የምትኖር ዱቄት ለባሽ አለች፤ ተክሉን ከጣሳው ስታወጡት በሥሩና በጣሳው ግድግዳ ላይ ነጭ ዱቄት ይታያል።

ሐ/ ወደ ላይ እዩ። እዚህ ላይ የሁለቱን ጎረቤታሞች ነገር ላንሳ። ሁለቱም ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። አንደኛዋ ለሁለተኛዋ እንዳሁላ ቆርጣ ሰጠቻት። በወሩ እንዳሁላው አጣበቀ። ተቀባይዋ «ተባይ ያለበትን ሰጠችኝ» አለች። ሰጪዋ «ደግ ባደረግሁ» አለች። ከዚያ ዓይን የሚል ቃል ተጨመረበት፤ ከዚያ ቡናው ቀረ። ኮሚቴው እኔንና አንድ አባል ላከ። ቅጠሉን አንድ በአንድ በማጉያ መስታወት ገልብጠን አየን፤ አንድም ነፍሳት የለም። ቅጠሉን አጥበን ከጣሳው አጠገብ ነጭ ወረቀት ዘርግተን ሄድን። በማግሥቱ ወረቀቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ ሞልቷል። ያን ጊዜ ቀና ብለን አየን። ለካ በረንዳው ላይ የተዘረጋው የራሷ የተቀባይዋ የብርቱካን ዛፍ ነው! የቅጠሎቹ ሥር ነጭ ሱፍ ለብሷል፤ ነጭ ዝንብ ነው። እዚያው ሥር ባጃጁን የሚያቆመው ወንድማችንም «መስታወቴ ለምን እንደሚያጣብቅ ዛሬ ገባኝ» አለ። እንዳሁላው ምንም አልሆነም፣ ሰጪዋም ንጹሕ ናት። ቡናው ተመልሷል ወይ? እሱን ለራሳቸው ልተወው። ዛሬ ግን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አያቸዋለሁ።

መ/ ወረቀቱን እናንተም ሞክሩት። ጣሳውን ከዛፍና ከሌላ ተክል ለይታችሁ፣ ቅጠሉን አጥባችሁ፣ ከሥሩ ነጭ ወረቀት ዘርጉ። በሁለት ሦስት ቀን ካጣበቀ ጠላቱ ራሱ ጣሳው ላይ ነው። ካላጣበቀ ከላይ ወይም ከጎረቤት ተክል ነው የመጣው።

ሠ/ ሁሉም የሚያጣብቅ ነገር የነፍሳት አይደለም። ቁልቋል ሲቆረጥ የሚያወጣው ነጭ ወተት ያጣብቃል፤ እሱ የተክሉ ደም ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳልና ልጆች አያስነኩት፣ እናንተም እጃችሁን ታጠቡ። እሬት ሲሰበር የሚያወጣው ቢጫ ውሃም አለ። አንዳንድ ተክል ደግሞ ሲያብብ ከአበባው ጣፋጭ ይንጠባጠባል። ቁስል ወይም አበባ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ።

እንዴት እናክመው?

በቅደም ተከተል እናገራለሁ፤ የምትጽፉ ጻፉ።

1ኛ. ለዩት። የታመመውን ጣሳ ከሌሎቹ አርቁ። ትናንሾቹ ጫጩቶች በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ቅጠል ከቅጠል ከተነካካ ይሻገራሉ።

2ኛ. በጣም የተወረረውን ቅጠል ቁረጡ፤ በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት። ግቢ ውስጥ አትበትኑት።

3ኛ. በእጅ ልቀሙ። በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ወይም በጨርቅ ጫፍ ከፋርማሲ የሚገዛውን 70 በመቶ አልኮል ነክራችሁ ነፍሳቱን አንድ በአንድ ንኩ። አልኮሉ የለበሰችውን ዱቄት ያሟሟዋል፣ እሷንም ይገድላል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የገዛነው አልኮል በየቤታችን የተረፈ ይኖራል፤ እሱ ይሆናል። እንደ ቅባት የሚዝለገለገው ሳኒታይዘር ግን አይሁን፤ ማወፈሪያ ስላለው መልሶ ያጣብቃል። «አረቄስ?» ያላችሁኝ አላችሁ። የአረቄ ጥንካሬ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ለቅጠሉም ለኪሳችሁም አይሆንም። አልኮል ይቀጣጠላል፤ ከምድጃና ከሻማ አርቃችሁ ሥሩ።

4ኛ. በሳሙና እጠቡ። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃል። ኦሞ አይሁን፣ በረኪና ፈጽሞ አይሁን። አፈሩን በፌስታል ሸፍናችሁ ቅጠሉን ከላይም ከሥርም እርጩ፤ ጉያውን አትርሱ። ሳሙናው የሚገድለው ነፍሳቷ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው፤ ያልነካትን አይገድላትም። ከአንድ ሰዓት በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። ጊዜው ማለዳ ወይም ማታ ይሁን፤ በአዳማ የቀትር ፀሐይ ላይ ሳሙና የነካው ቅጠል ይቃጠላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ። ወፍራም ቅጠል ያላቸው ተክሎች ከፀሐይ የሚጠብቃቸው ሰም የመሰለ ልባስ አላቸው። ሳሙናም አልኮልም ሲበዛ ይህን ልባስ ይገፍፋል። ባለክብ ቅጠሏ በተለይ ሳሙና አትወድም። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩ፤ ሁለት ቀን ጠብቁ፤ ካልጠቆረ ቀጥሉ።

5ኛ. ድገሙት። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን አጥቦ «ጨረስኩ» ይላል። በከረጢት ያለው እንቁላል አልሞተም፤ ሰነባብቶ ይፈለፈላል፤ በእኛ ሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። በየሰባት ቀኑ አራት ጊዜ እጠቡ። ግድግዳ ላይ ያለው ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ። የኔ አበባ አንድ ወር የፈጀባት ለዚህ ነው።

6ኛ. ቁጫጩን አግዱ። ጣሳውን በድንጋይ ላይ አድርጋችሁ ድንጋዩን ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ አቁሙት፤ ወይም የጣሳውን አፍ ዙሪያውን ቫዝሊን ቀቡት። እረኛው ሲቀር ከብቱን አውሬ ይበላዋል። አውሬውም ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ናት፤ እሷን ካገኛችሁ አትግደሏት። እሷና ግልገሎቿ ክሽክሽን ይበላሉ።

7ኛ. ሥሩ ከሆነ ተክሉን አውጡ፣ አፈሩን አራግፉ፣ ሥሩን እጠቡ፣ የተበላውን ቁረጡ። ከዚያ ጥላ ላይ አንድ ሳምንት ያህል ይድረቅ። አትፍሩ፤ እነዚህ ተክሎች ይችሉታል። ከዚያ በአዲስ አፈርና በታጠበ ጣሳ ትከሉት። አሮጌውን አፈር ሌላ ጣሳ ላይ አትገልብጡ።

8ኛ. ለብርቱካኑና ለሎሚው ዛፍ ጨርቅ አይበቃም። በቧንቧ ውሃ ከሥር ወደ ላይ በኃይል እጠቡት፤ የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ አሳሱ። የኒም ዛፍ በግቢው ያለ ደግሞ ፍሬውን ይጠቀም። 50 ግራም ያህል የደረቀ የኒም ፍሬ ወቅጦ በአንድ ሊትር ውሃ ማሳደር፣ በጨርቅ ማጥለል፣ ጥቂት ሳሙና ጠብ አድርጎ ማታ መርጨት ነው። እሱም ቢሆን የሚጠጣ ነገር አይደለም፤ ከልጅ ይራቅ። የአንድ ቀን ብቻ ቀምሙ፤ አታጠራቅሙ።

ደግሞ እንዳይመለስ፤ ዩሪያ በጣሳ አትነስንሱ። ዩሪያ የጠገበ ቅጠል ለጋና ጭማቂ ስለሚሆን ለነፍሳቱ ድግስ ነው። አቧራውንም በየጊዜው አርግፉ፤ አቧራ የለበሰ ቅጠል ላይ ጠቃሚዎቹ ነፍሳት እንደ ልብ አይሠሩም። በአዳማ ነፋስ ይህ የዘወትር ሥራ ነው።

ስንሰጣጥ እንጠንቀቅ

አበባ ቆርጦ መሰጣጠት የሰፈራችን ደግ ልማድ ነው፤ አይቅር። ነገር ግን አዲስ ተክል ሲመጣ ለሦስት ሳምንት ለብቻው ይቀመጥ። ይህ ሰጪን መናቅ አይደለም። ሰው ከሩቅ አገር ሲመጣ እግሩን አጥበን እንደምናሳርፈው ይቆጠር።

የነፍሳት ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። የዱቄት ለባሿ ዘመድ የሆነች ኮቺኒል የምትባል ነፍሳት አለች። ስትጨፈለቅ ደም የመሰለ ቀይ ቀለም ትሰጣለች፤ ቀለሙ ለምግብና ለልብስ ይፈለጋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ለዚሁ ቀለም ተብላ ወደ ትግራይ ገባች፤ በበለስ ቁልቋል ላይ እንድትረባ። ከተፈለገው ቦታ አልፋ ወጣች፤ በደቡብ ትግራይ ብዙ የበለስ ማሳ አወደመች። በለስ ለዚያ አገር ሰው በክረምት የሚበላ ፍሬ፣ ለከብቱም መኖ ነው። በደቡብም አገር የእንሰትን ሥር የምታጠቃ ዱቄት ለባሽ አለች፤ ከቦታ ቦታ የምትዛመተው ብዙውን ጊዜ ሰው ከታመመ ቦታ ችግኝ ሲያመጣ ነው፤ እዚያም ጉንዳን ይሸከማታል። ለእኛ የጣሳ አበባ ነው፤ ለእነሱ ግን እንጀራቸው ነው። ከታመመ ተክል ቆርጦ መስጠት በትንሹም በትልቁም ያው ጥፋት ነው።

ስለ መርዙ

አሁን ፊታችሁን ወደ እኔ መልሱልኝ። የምለምናችሁ ይህን ነው።

የእርሻ መርዝ ለእርሻ ነው። የሚረጨው በሜዳ ላይ፣ በልክ፣ መከላከያ ልብስ ለብሶ ነው። ሳሎንና መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከእንጀራ ሞሰብ አጠገብ ላለ ጣሳ አይሆንም። አገራችን የፀረ ተባይ ቁጥጥር አዋጅ አላት። ስም የሌለው፣ በለስላሳ ወይም በውሃ ፕላስቲክ የተቀዳ መርዝ የሚሸጥላችሁ ሰው ውለታ አልዋለላችሁም። ልጅ ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አያውቅም። ደግሞም መርዙ ጠቃሚዋን ጥንዚዛ ቀድሞ ይጨርሳል፤ ቅርፊት ለባሿ በቅርፊቷ ሥር ትተርፋለች። ከወር በኋላ እጥፍ ሆና ትመለሳለች።

እንዲህ ያለ ጠርሙስ በቤታችሁ ካለ ቱቦ ውስጥ አትድፉት፣ ጠርሙሱንም አጥባችሁ አትጠቀሙበት። እንደታሸገ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ቆልፋችሁ፣ «መርዝ» ብላችሁ ጻፉበትና ለኮሚቴው አስታውቁ። ስም አንጠይቅም፣ አንወቅስም። እኔ ራሴ አድርጌዋለሁና። ኮሚቴው የተገኘውን ሁሉ በአንድነት ለግብርና ባለሙያዎች አሳውቆ የሚሉትን ያደርጋል።

አደጋ ከደረሰ ደግሞ ይህን አስታውሱ። ልጁን አታስመልሱት። ወተት ወይም ዘይት አታግቱት። መርዝ የነካውን ልብስ አውልቁ፣ ገላውን በብዙ ውሃና ሳሙና እጠቡ፤ የራሳችሁንም እጅ ጠብቁ። ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ «ምን የሚባል ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኔ መልስ አጥቼ የቆምኩባትን ደቂቃ ለማናችሁም አልመኝም።

ማሳሰቢያ

ማኅበሩ አንድ ማጉያ መስታወትና አንድ የእጅ መርጫ ገዝቷል። መርጫው ለሳሙናና ለኒም ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር የጨመረበት ይተካል። በቢሮ በመዝገብ እየፈረማችሁ ለሁለት ቀን መውሰድ ትችላላችሁ። ምንነቱ ያልታወቀ ነፍሳት ያገኘ ቅጠሉን በፌስታል አሽጎ ያምጣ፤ ከአቅማችን በላይ ከሆነ ለሚያውቅ እናሳያለን። ከከተማችን 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል እያለ እኛ በግምት መርዝ የምንረጭበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ ነገሬን ልቋጭ። ቅጠል ሲያጣብቅ ልጅ አትቆጡ፣ ጎረቤት አትጠርጥሩ፣ መርዝ አታምጡ። መጀመሪያ ገልብጣችሁ እዩ። ከዚያ ቀና ብላችሁ እዩ። ጨርቅ፣ ሳሙናና የአንድ ወር ትዕግሥት ካለ ሌላው ትርፍ ነው።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ቡናውም እየደረሰ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ
አዳማ